የጡረታ ዋዜማ ምርመራ፦ የአረጋውያን የጤና ማጣሪያና የድሬዳዋ ሠራተኞች

በጤና ተቋሞቻችን በየዕለቱ የሚሰጥ፣ በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ግን የማይገኝ አንድ የበሽታ ስያሜ አለ፤ «የዕድሜ ነው» ይባላል። የ65 ዓመት አባት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ሲያጥራቸው «የዕድሜ ነው» ተብለው ይሸኛሉ። የ70 ዓመት እናት ጆሯቸው ሲከብድ፣ ዓይናቸው ሲደበዝዝ፣ የሰው ስም ሲጠፋባቸው ያንኑ ቃል ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከእነዚህ ቅሬታዎች ውስጥ ግን ጥቂት የማይባሉት ስም ያላቸው፣ በጊዜ ከተደረሰባቸው የሚታከሙ ወይም ጉዳታቸው የሚቀንስ በሽታዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትኞቹን በማጣሪያ ምርመራ መፈለግ እንደሚገባ፣ የትኞቹን መተው እንደሚሻል፣ ይልቁንም ምርመራው መቼና በማን እጅ ቢጀመር ፍሬ እንደሚሰጥ የድሬዳዋን ሁኔታ መነሻ አድርጎ ማመልከት ነው።

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ወዲህ የባቡር ድርጅቱ ወርክሾፖች፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ሌሎችም የደመወዝተኛ ሠራተኛ ትውልዶችን አፍርተውባታል። ዛሬ የዚያ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ የሚታየው ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ከነጻ የንግድ ቀጠናው ጋር በተያያዘው በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በአገራችን ኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ተቀጥሮ የሚገኘው ሠራተኛ በአብዛኛው ወጣት፣ ያውም ሴት ነው። ታዲያ የአረጋውያን ጤና ከኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል።

መልሱ ቀላል ነው። በአገራችን ጎልማሳ ሰው ጤነኛ ሳለ በጤና ባለሙያ እጅ የሚገባበት ቦታ የሥራ ቦታ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናቶች ለእርግዝና ክትትል፣ ሕፃናት ለክትባት ይመጣሉ፤ የ50 ዓመት ወንድ ግን ካልታመመ በቀር በጤና ጣቢያ ደጅ አያልፍም። በፋብሪካ በርም ወጣቶች ብቻ አይደሉም የሚገቡት። ጥበቃው፣ አትክልተኛው፣ ሾፌሩ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የማሽን ጥገና ባለሙያው ብዙ ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ከዚህም ሌላ ዛሬ በከተማዋ ሠፈሮች ጡረታ ላይ የሚገኙት የቀድሞ ፋብሪካ ሠራተኞች የፓርኩ ወጣቶች ከ35 ዓመት በኋላ ምን ሊመስሉ እንደሚችሉ ያሳዩናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ የሚቀጠሩትንና አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን ሠራተኞች እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። የጡረታ አዋጆቹ 1267/2014 እና 1268/2014 ደግሞ የጡረታ መውጫ ዕድሜን 60 ዓመት አድርገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድን ሰው «አረጋዊ» ብሎ መቁጠር የሚጀምረውም በዚሁ በ60 ዓመት ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ምርመራ ይበልጥ በሚያስፈልገው ዕለት የፋብሪካውን ክሊኒክ ይሰናበታል። የ20 ዓመት የግፊት መዝገቡ በክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ እርሱ ደግሞ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ድል ጮራ ሆስፒታል ሲሄድ ባዶ ካርድ ይወጣለታል። ትልቁ ክፍተት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ማጣሪያ ምርመራ ምንነት ጥቂት ማለት ይገባል። ማጣሪያ ምርመራ ራሱን ጤነኛ አድርጎ በሚቆጥር ሰው ላይ የሚደረግ ነው። ስለዚህ ታሞ የመጣን ሰው ከመመርመር የበለጠ ኃላፊነት ያስከትላል፤ የጠራነው እኛ ነንና። ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉት ባለሙያዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ ያስቀመጧቸው መመዘኛዎች ዛሬም አላረጁም። በሽታው ከባድ ችግር መሆን አለበት፤ ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ምርመራው ቀላልና ሰው የማይሸሸው መሆን አለበት፤ ለተገኘበት ሰው ሕክምና መኖር አለበት፤ ሥራውም የአንድ ቀን ዘመቻ ሳይሆን ቀጣይ መሆን ይኖርበታል። በአደባባይ ድንኳን ተተክሎ የአምስት መቶ ሰው ግፊትና ስኳር ተለክቶ፣ ከፍ ያለባቸው «ሐኪም ያማክሩ» ተብለው የሚበተኑበት የበዓል ምርመራ በመጨረሻዎቹ ሁለት መመዘኛዎች ይወድቃል። ፎቶግራፉ ያምር ይሆናል፤ ለታማሚው ግን ከጭንቀት በቀር የጨመረለት ነገር የለም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የደም ግፊት ቀዳሚ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የስቴፕስ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ኢትዮጵያውያን መካከል 16 በመቶ ገደማው የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በቀን በአማካይ የሚበላው ጨው 8.3 ግራም ሲሆን የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ዕድሜ ሲገፋ ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎች ይደድራሉ፤ በዚህም ምክንያት የላይኛው ቁጥር ብቻውን ከፍ ብሎ የታችኛው መደበኛ ሆኖ ይገኛል። 170/75 የሆነን አረጋዊ «የታችኛው ደኅና ነው» ብሎ መሸኘት ስሕተት ነው፤ የአንጎል የደም ሥር አደጋን ይበልጥ የሚተነብየው በዚህ ዕድሜ የላይኛው ነው። ለ80 ዓመት ሰው የግፊት መድኃኒት ምን ይሠራል የሚሉም አሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመውና 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 3,845 ሰዎች ያሳተፈው ሃይቬት የተሰኘው ጥናት ግን መድኃኒቱ በልብ ድካም መያዝን በ64 በመቶ፣ ከማናቸውም ምክንያት የሚመጣን ሞት በ21 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚያ ጥናት የተፈለገው ግብ 150/80 እንጂ የወጣት ግፊት እንዳልነበረም ልብ ይሏል።

አለካኩ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። ታካሚው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ ተራቁቶ በልቡ ትይዩ ተቀምጦ፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካ። በድሬዳዋ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ወሳኝ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ከቀትር በኋላ ከበርጫ ተነሥቶ የመጣን ሰው ግፊት ለክቶ መድኃኒት ማዘዝ አይገባም። የጠዋት ልኬት ይመረጣል፤ «ዛሬ ቅመዋል?» ብሎ መጠየቅም እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ማንኛውም የሕክምና ጥያቄ ሊቀርብ ይገባል። የሚቅመው ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፣ የማታ መድኃኒቱንም ይዘነጋል። ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት መረጃ ነው።

አረጋዊን አስቁሞ መለካት ደግሞ ከምንረሳቸው ነገሮች ዋነኛው ነው። ከተነሡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ሰውየው ለመውደቅ የተጋለጠ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ይበረታል። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ኩላሊትም ውኃ የመቆጠብ ችሎታዋን ትቀንሳለች። በዚህ ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ ሲጨመር በየካቲት ልክ የነበረው መጠን በሰኔ ከልክ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን የሙቀቱ ወራት ከመግባታቸው በፊት ቆመው ግፊታቸው እንዲለካ፣ የኩላሊትና የሶዲየም ምርመራቸውም እንዲታይ ቀጠሮ መያዝ ይገባል። በሌሊት ለሽንት ሲነሡ ወድቀው ዳሌያቸውን ለሚሰበሩ አረጋውያን የአደጋው መነሻ አንዳንድ ጊዜ የእኛው የመድኃኒት ማዘዣ ነው።

ሌላም ለከተማዋ የቀረበ ጉዳይ አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የተቀሰቀሰው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን አጥቅቷል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙው በሳምንት ውስጥ ቢያገግምም፣ ቺኩንጉንያ በተለይ በዕድሜ በገፉት ላይ ለወራትና ለዓመታት የሚዘልቅ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊያስቀር እንደሚችል የታወቀ ነው። ሕመምተኛው ምን ያደርጋል? ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይገዛል፤ ያለማዘዣ፣ ለወራት። እነዚህ መድኃኒቶች ጨውና ውኃ ያስቀራሉ፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የኢናላፕሪልንና የሽንት መድኃኒቶችን ሥራ ያዳክማሉ፣ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ግፊቱ «አልወርድ» ያለ አረጋዊ ሲያጋጥም ሁለተኛና ሦስተኛ መድኃኒት ከመጨመር በፊት «ለጉልበትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱን ይሰጣል። ከነሙሉ የኪስ ይዘታቸው፣ የከረጢቱን መድኃኒት ሁሉ ይዘው እንዲመጡ ማድረግም ከማናቸውም ላቦራቶሪ የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜ አለ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ እንቅስቃሴና የሙቀት ማድረጊያ ቀዳሚ መሆን አለባቸው።

የኩላሊት ምርመራ ውጤት በአረጋውያን ላይ ያታልላል። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው በሳሳ ሰው ደም ውስጥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። የ75 ዓመት እናት ክሬአቲኒናቸው 1.2 ሲሆን ለዓይን ደኅና ይመስላል፤ በቀመር ሲሰላ ግን የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ከ50 በታች ነው። ይህ ለስኳር መድኃኒት ምርጫ ወሳኝ ነው። ግሊቤንክላሚድ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም፣ በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይና ኩላሊት ሲደክም የሚከማች በመሆኑ አረጋውያንን ለከባድ የስኳር መውረድ ያጋልጣል። በእነርሱ ላይ የስኳር መውረድ እንደ ወጣቱ በላብና በመንቀጥቀጥ ብቻ አይገለጽም፤ ግራ መጋባት፣ የንግግር መዛባት፣ ድንገተኛ መውደቅ ሆኖ ይመጣና «ስትሮክ ነው» ወይም «ጃጁ» ይባላል። በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት የመድኃኒት ሰዓትና መጠን ከጾሙ በፊት መስተካከል አለበት፤ ታካሚው መጾሙ አይቀርም፣ ሳይነግረን ከሚጾም ነግሮን ቢጾም ይሻላል። የጾም ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ በሽታው አለ ማለት ነው፤ የሕክምናው ግብ ግን ብዙ ሕመም ለተደራረበበት አረጋዊ መላላት ይኖርበታል።

ወደ ሳንባ ስንመጣ የሥራ ታሪክ የማይጠየቅ ከሆነ ምርመራው ግማሽ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመውና በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተደረገው ጥናት ጥጥ በሚነደፍባቸውና በሚባዘትባቸው ክፍሎች ከሦስት ሠራተኞች ከአንድ በላይ በቢሲኖሲስ መያዛቸውን አሳይቷል። የዚህ በሽታ መለያው ከዕረፍት ቀን በኋላ ወደ ሥራ ሲገቡ ደረት መጥበቡ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ከማይድን የአየር ቧንቧ መጥበብ ጋር አንድ ይሆናል። በአገራችን የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ የተደረጉ ጥናቶችም አቧራው የሳንባን አቅም እንደሚቀንስ አመልክተዋል። «በየትኛው ክፍል ስንት ዓመት ሠሩ?» የሚለው ጥያቄ ከአስም ማከሚያ በፊት መምጣት አለበት፤ ፒክ ፍሎው ሜትርም ውድ መሣሪያ አይደለም። በዚህ አጋጣሚ የሳንባ ነቀርሳን እንዳንዘነጋ። በአረጋውያን ላይ ያለ ሳል፣ ያለ ትኩሳት፣ በክብደት መቀነስና በድካም ብቻ ሊገለጽ ይችላል። በሦስት ወር ውስጥ ሳያስቡት ከ3 ኪሎ በላይ የከሱ ሰው «አርጅተው ነው» ከመባላቸው በፊት አክታቸው ይመርመር።

ዓይንና ጆሮ የቸልታችን ሰለባዎች ናቸው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከዚህም ግማሹ ገደማ በዓይን ሞራ ግርዶሽ የመጣ መሆኑን አረጋግጧል፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚመለስ ብርሃን ማለት ነው። ግላኮማ በአንጻሩ የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ሰው ሁሉ ወደ ዓይን ክፍል መላክ አለበት። ጆሮን በተመለከተ፣ የሽመና ክፍል ጫጫታ ለዓመታት ያደነቆረው ሠራተኛ በቤቱ «ጭምት» ወይም «የሚረሳ» ተብሎ ይቆያል። ከኋላ ቆሞ አራት ቃላት በሹክሹክታ መናገርና እንዲደግም መጠየቅ በቂ ጅማሮ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጆሮውን እንይ፤ የጆሮ ኩክ በማውጣት ብቻ መስማት የሚመለስላቸው አሉ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2019 እ.ኤ.አ. በመመሪያ መጽሐፍ ባብራራው አሠራር፣ በአረጋዊ ላይ ከበሽታ ዝርዝር ይልቅ ችሎታን መፈተሽን ያስቀድማል። ክንድን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሴኮንድ ውስጥ መነሣትና መቀመጥ አንዱ ነው። ወንበርና ሰዓት ብቻ ይጠይቃል፤ ያቃተው ሰው የመውደቅ ሥጋት አለበት፣ የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም ይጠቅመዋል። ሦስት ቃላት ነግሮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማስታወሱን መጠየቅም እንዲሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ፈተና በታካሚው የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ ካልተደረገ የሚለካው የማስታወስ ችሎታን ሳይሆን ቋንቋን ነው። ፊደል ላልቆጠሩ ሰዎች ሰዓት ሣሉ ማለትም ፍትሐዊ አይደለም። ድብርትን በሚመለከት «ደስታ ርቆዎታል?» ቢባሉ «ተመስገን» የሚሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው። ሰውነታቸውን እንደሚያቃጥላቸው፣ ልባቸው እንደሚዝል፣ እንቅልፍ እንዳጡ የሚናገሩትን ማዳመጥ ይሻላል። ሥራውን ትቶ ወጥቶ ቤት የዋለ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይገባዋል።

መተው ስለሚሻሉት ባጭሩ። የፕሮስቴት ካንሰርን በደም ምርመራ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑና ምልክት በሌላቸው ወንዶች ላይ መፈለግ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት ሴቶች ነው፤ ያረጠች ሴት ላይ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ዘዴው አያስተማምንም። ስለዚህ ለፓርኩ ሴት ሠራተኞች ይህን ምርመራ ማድረስ ያለብን ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው።

የቀረው አፈጻጸሙ ነው። ሠራተኛው ጡረታ ከመውጣቱ ስድስት ወር አስቀድሞ በፋብሪካው ክሊኒክ አንድ ምርመራ ቢደረግለትና አንድ ገጽ ወረቀት ቢሞላለት ብዙ ነገር ይቃናል። በወረቀቱ ላይ የመጨረሻዎቹ ሦስት የግፊት ልኬቶች ተቀምጦና ቆሞ፣ የጾም ስኳር፣ ክሬአቲኒንና ከእርሱ የተሰላው የኩላሊት አቅም፣ ክብደት፣ የዓይንና የጆሮ ፍተሻ፣ የወንበር ፈተናው ሴኮንድ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ፣ የሠራበት ክፍልና ዘመን ይሰፍራሉ። የኋለኛው ከሥራ የመጣ በሽታ ቢታወቅ ለካሳ ጥያቄም ማስረጃ ይሆነዋል። ሠራተኛው ግፊቱን ከክሊኒኩ የሚደብቀው ብዙውን ጊዜ ከሥራ እሰናበታለሁ ብሎ በመፍራት ነውና ውጤቱ ለአስተዳደር ክፍል እንደማይሰጥ በግልጽ ሊነገረውና በተግባርም ሊጠበቅለት ይገባል። የከተማው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ዕድሮችና አፎቻዎች የቀረውን ሰው ፈልጎ በማምጣት ረገድ ከእኛ የተሻለ እግር አላቸው፤ ማን በየት ቤት እንደሚኖር፣ ማን ከቤት መውጣት እንዳቆመ ያውቃሉ። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይሠራል። አንዱ ለሠራተኛው ቀበሌ ጤና ጣቢያ በስም ለሚታወቅ ባለሙያ ይላካል፣ ሌላው በሠራተኛው እጅ ይሰጣል፤ የጤና ጣቢያው የመጀመሪያ ቀጠሮም ከፋብሪካው ከሚሰናበትበት ቀን በፊት ተቆርጦ በዚያው ወረቀት ግርጌ ይጻፋል።